ከአስር ስንት

አንድ ቢሮ ሄዳችሁ «አይሆንም» ተብላችሁ፣ ለምን እንደማይሆን ሳይነገራችሁ የተመለሳችሁበት ቀን አለ? ለብዙዎቻችሁ አንድ ቀን ብቻ እንዳልሆነ እገምታለሁ። ወደ ቤት ስትመለሱ የሚከነክናችሁ የተከለከላችሁት ነገር ሳይሆን ምክንያቱን አለማወቃችሁ ነው። እኔ የታሰርኩት ይህን ልለካ ስሞክር ነው።

ላስረዳ። ቢቸና የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፤ የተወለድኩት ግን ሞጣ ነው። አንድ ቀን ስለ ዘመናዊ አስተዳደር ስናወራ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሞጣ ዘመድ ያላቸው «የሰለጠነችው ሞጣ ናት» አሉ፤ የቢቸናዎቹ ተንጫጩ። አንዱ ፎቅ ቆጠረ፣ ሌላዋ ኮምፒውተር ያለበትን ቢሮ ጠራች። እኔ ደግሞ የተዘበራረቀ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛልና ጠመኔ አነሣሁ።

«አገር በአማካይ አይታወቅም» አልኳቸው። «አንዱ ቤት ሁለት እንጀራ በልቶ ጎረቤቱ ጦሙን ቢያድር፣ በአማካይ አንድ አንድ እንጀራ በልተዋል ይባላል። ጦሙን ያደረው ግን በአማካይ አይጠግብም። ስለዚህ ቢቸናን ለብቻዋ፣ ሞጣን ለብቻዋ እንለካለን።»

መለኪያው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ሲከለክሉህ ምክንያቱን ነግረውሃል? ፎቅም ኮምፒውተርም በገንዘብ ይገዛል። ለተራ ባለጉዳይ ምክንያት መንገር ግን አይገዛም። ምክንያት የሚነግርህ ቢሮ ሰው ብሎ ቆጥሮሃል። ለየቢሮው ከአስር ነጥብ ልንሰጥ ተስማማን።

በዕረፍት ሰሞን ወላጆቼን ልጠይቅ ሞጣ ሄድኩና አንድ ቢሮ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ የሚወጡትን ሰዎች እየጠየቅሁ ሳለ ዘበኛው መጣ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«እየለካሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ቢሮውን» አልኩት፤ ላብራራለትም ተዘጋጀሁ።

ማብራሪያዬን የሚሰማ አላገኘሁም። ተኩስ በየሰሞኑ በሚሰማበት አገር «ቢሮ እለካለሁ» ያለ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ወዲያው ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጥተው ጓሮ ወሰዱኝ።

«ሜትሩን አምጣ» አለኝ አንደኛው።

«ሜትር የለኝም።»

«በእርምጃ ነው የለካኸው?»

«በጥያቄ ነው።»

ሁለቱ ተያዩ። «እሺ፣ ይሄን ቢሮ ስንት አገኘኸው?»

«እስካሁን አራት።»

«አራት ሜትር? ይሄ ሁሉ ግቢ አራት ሜትር?» አለና በጥፊ መታኝ። ዛሬ ለወዳጅ ሳወራው ያስቃል። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ እየጮኸ የሁለተኛውን ጥያቄ መስማት አልቻልኩም።

ዓይኔን በሹራቤ ሸፍነው በመኪና ወሰዱኝ። የት እንደሆነ አልጽፍም፤ እዚያ አሁንም የሚሠራ ሰው ይኖራል። ሹራቡ ሲነሣ ያየሁት የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መስኮት የለውም። የጣሪያው ቆርቆሮ በምስማር ተበሳስቷል፤ በየቀዳዳው የሚገባው ብርሃን በተቀመጡት ሰዎች ራስና ትከሻ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። ቤቱ የነቀዝ መድኃኒትና የሽንት ሽታ አለው። ሰዎቹ ጉልበታቸውን አጥፈው ቦታ ለቀቁልኝ። አንድ ሽማግሌ ከጋቢያቸው ግማሹን መሬት ላይ ዘርግተው «ና ልጄ፣ ከዚህ ላይ» አሉኝ።

የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ከደብረ ወርቅ ወዲያ ካለ ደብር የመጡ። የኔታ እላቸዋለሁ፤ እዚያም ሁሉም የሚጠራቸው እንደዚያ ነበር። ከየአገሩ እየመጡ ጎጆ ቀልሰው የሚማሩ ደቀ መዛሙርት አሏቸው። ሲመረምሯቸው «እነዚህን ሁሉ ጎረምሶች ማን ነው የሚልክልህ?» ብለዋቸው፣ «ረሃብና ቅኔ» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ የጠየቃቸው የለም።

«አንተስ በምን መጣህ?» አሉኝ።

«ስለካ ተይዤ ነው፣ የኔታ።»

«መሬት?»

«አይ፣ አስተዳደር።»

አገሬን ጠይቀው «ሞጣ» ስላቸው «የሞጣ ልጅ ሆነህ ቅኔ ሳትቆጥር ቀረህ?» አሉ።

«ዘመናዊ ትምህርት ይሻላል ብዬ ነዋ።»

«ይኸው ዘመናዊውም የጥንቱም አንድ ወለል ላይ አገናኘን» አሉና ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ።

የኔታ ሽንት ያስቸግራቸዋል። ሲመጣ አይታገሥም፣ ሲሄዱም ቶሎ አይወጣላቸውም። የመጋዘኑ በር የሚከፈተው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። ጀሪካን እንዲገባልን ስንለምን «የእህል ቤት ነው፣ ይበላሻል» አሉን። እህል አልነበረበትም። ሌላው ሰው ሲጨንቀው የጥጉን ግድግዳ ይጠቀማል። የኔታ ግን «የምጸልይበት ቤት ነው» ብለው እምቢ አሉ። ሲመጣባቸው በሩን በጣታቸው አንጓ ቀስ አድርገው ያንኳኳሉ። ከሌላ አካባቢ የመጣ አንድ ጥበቃ ነበር፤ ቋንቋችንን እየሰባበረ ይናገራል። ማንኳኳታቸውን ሲሰማ ማንም ሳያየው ይከፍትላቸዋል። አንድ ቀን ደግሞ ውሃ ሲዘገይ «ቦቴ ተበላሸ፣ ለዛ ነው» ብሎ ነገረን። ከተያዝኩ ወዲህ እውነተኛ ምክንያት የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የቤቱ ኃላፊ ንጹሕ ሰው ነበር። ጫማው አቧራ አይነካውም፤ ሽቶው በሩ ሳይከፈት ይደርሳል። ምርመራ ላይ ስለ ነጥብ አሰጣጤ የተናገርኩትን ከሌሎቹ ይልቅ በደንብ ሰምቶታል። አንድ ጠዋት በሩን አስከፍቶ ደፉ ላይ ቆመ።

«መምህር፣ እስቲ እኛንም ለካን። ከአስር ስንት?»

ዓይኔን ጫማው ላይ ጣልኩ።

«አትፍራ። ለትምህርት ነው።»

ለትምህርት ሲለኝ አፌ አያርፍም። «ሁለት» አልኩ። «ምክንያቱስ?» አለ። ነገርኩት። ውሃ ለምን እንደዘገየ ስለተነገረን አንድ፤ የኔታ ሲያንኳኩ ስለሚከፈትላቸው አንድ። የታሰርንበትን ምክንያት ስላልነገራችሁን ስምንቱ የለም። ራሱን እንደሚነቀንቅ ተማሪ በጥሞና አዳመጠኝ።

«ጥሩ ነው» አለ። «ሁለት ግን ለማንም የማይጠቅም ነጥብ ነው። አያሳልፍም። ዜሮ ብንሆን ይሻላል፣ ቢያንስ ወጥ አሠራር ይሆናል።» ወደ ጥበቃዎቹ ዞረ። «ውሃ ሲዘገይ ማንም ምንም እንዳይናገር። ለሽማግሌውም በሩ እንዳይከፈትለት። ቢያንኳኳ፣ ያንኳኳ።»

ለሽማግሌው፣ እንዳይከፈትለት አለ፤ እንዳይከፈትላቸው አላለም። በእኛ አገር ለአባትህ እኩያ እንዲህ አይባልም። ከተቀመጡት ውስጥ አንዱ አንገቱን ሲደፋ አየሁ፤ ከትእዛዙ በፊት ቃሉ መትቶታል።

በዚያ ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግለው የኔታ ማንኳኳት ጀመሩ። መጀመሪያ በጣታቸው አንጓ፣ ኋላ በመዳፋቸው። ያ ጥበቃ ከበሩ ወዲያ ሆኖ ሲተነፍስ ይሰማናል። አልከፈተም። የኔታ መጨረሻ ላይ ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ዝም አሉ። ቀጥሎ የሆነውን ያወቅነው በድምፁ ነው። ማንም ሳያዘን ሁላችንም ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዞርን። ጋቢያቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ ማንም አልተመለሰም፤ ከዚያም በኋላ ማንም አላነሣውም።

በማግስቱ ኃላፊው መጣ። «ዛሬስ ከአስር ስንት?»

«አስር» አልኩት።

«አስር! ምክንያትህ?»

ወደ በሩ አየሁ።

«ያለ ምክንያት የሚሰጥ ዘመናዊ አይደለም ብለህ አስተምረኸኝ የለ? ወይስ በሩ እንዲከፈት ነው አስር ያልከኝ?»

«አዎ» አልኩ።

«ይሄ ጉቦ ነው፣ መምህር። ጉቦ ደግሞ ኋላ ቀርነት ነው።» ጥበቃዎቹ ሳቁ። በሩ ተዘጋ።

የኔታ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። «ስለ እኔ ሽንት ብለህ አስር አትስጥ» አሉ። «ነውሩ የእኔ አይደለም፤ የእነሱ ነው። ደግሞ ቁጥር ክፉ ነው ልጄ፣ ሰም የለውም። ሁለት ካልክ ሁለት ነው፣ አስር ካልክ አስር ነው፤ አንገትህን በእሱ ይይዙሃል።»

እንዲህ እያለ ሰነበተ። በየጠዋቱ ይመጣል፣ «ከአስር ስንት?» ይላል፣ ምንም ብመልስ በሩ ይዘጋል። ዝም ስልም ይዘጋል። የኔታ ውሃ መጠጣት ተዉ። ከንፈራቸው ተሰነጠቀ፤ ዳዊት ሲደግሙ ድምፃቸው ከጉሮሯቸው እየተፋቀ ይወጣል። ዓይናቸው ሥር ማበጥ ሲጀምር፣ ከእኛ መካከል የጤና ባለሙያ የነበረው እስረኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ውሃ ካልጠጡ አይቆዩም» አለኝ። ውሃ እንዲጠጡ በሩ መከፈት ነበረበት። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር።

አንድ ጠዋት ግቢው ሲጠረግ ሰማን። ሳሙና ተሰጠን፣ ከወትሮው ቀደም ብሎ ሻይ መጣ። ከበላይ የመጡ ጎብኚዎች እንዳሉ ገባን። ኃላፊው እኔን ብቻ አስወጣኝ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ፤ ሲለምድልኝ በዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች አየሁ። መሐል ያሉት መነጽር ያደረጉ ሰው ናቸው።

«ይሄ መምህር ስለ ዘመናዊ አሠራር የሚያጠና ነው» አላቸው ኃላፊው። «ቢቸናንና ሞጣን ሲያወዳድር ነበር። አሁን ስሕተቱን ተረድቷል፤ እኛንም ገምግሞናል።»

«በጣም ጥሩ» አሉ ባለመነጽሩ። «ፐርፎርማንስ መለካት አለበት። እና መምህር፣ ይሄን ቤት ከአስር ስንት ትሰጠዋለህ?»

ኃላፊው ዓይኑን ጣለብኝ። ወደ መጋዘኑ አየሁ። በሩ ላይ የኔታ በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ነበር፤ እንደ ድሮው ቀስ ብለው። የማንኳኳቱን ትርጉም ከጎብኚዎቹ አንድም የሚያውቅ አልነበረም። ሁለት ብል የኔታ ይሞታሉ። አስር ብል ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረበትን ቀን ሸጥኩት ማለት ነው። ቁጥር ሰም የለውም ያሉኝ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

«ጌታዬ፣ ለዚህ ቤት ቁጥር አልተገኘለትም» አልኩ። «የቤቱ አሠራር ልክ የለውም።»

«ልክ የለውም!» አሉ ባለመነጽሩ፤ አጨበጨቡ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። «ከመለኪያ በላይ ነው እያለ ነው እኮ! ይሄ ሪፖርቱ ላይ ይግባ።»

ኃላፊው አላጨበጨበም። ደስታ ልክ የለውም ይባላል፤ ልክ ያልሆነ ነገርም ልክ የለውም። ይህን ለማስረዳት የእኔ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር፤ ፊቱ ላይ ወርቁ ሲገባው አየሁት። ግን ምን ይበል? «እየሰደበን ነው» ቢል፣ የተሰደበበትን ሊያስረዳ ነው።

«ደግሞ» አልኩ ጭብጨባው ሳያልቅ፣ «ውስጥ ያሉት አባት ሽንት ቤት መሄድ ፈልገው እያንኳኩ ነው።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክፈቱላቸው» አለ።

ክፈቱላቸው። የኔታን አንቱ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የኔታ ወጡ። ይሮጣሉ ብዬ ነበር፤ ሁላችንም ብንሆን እንሮጥ ነበር። እሳቸው ደፉ ላይ ቆመው ጥምጣማቸውን አስተካከሉ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው መለሱ። በግቢው መሐል፣ በጎብኚዎቹ ፊት፣ ማሕሌት ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ቀስ ብለው ሄዱ። ሲመለሱ እጃቸውን ታጥበው ነበር። በአጠገቤ ሲያልፉ ሳይቆሙ «ልክ ነህ» አሉኝ።

ጎብኚዎቹ ምሳ ሳይበሉ ሄዱ። መኪናቸው ከግቢው እንደወጣ ወደ ኋላ ክፍል ተጠራሁ። ኃላፊው ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ተቀምጧል፤ ጫማውን ከአቧራው ለማራቅ እግሩን አነባብሯል።

«እኔም እኮ የዚህ አገር ልጅ ነኝ» አለ። «ሰምና ወርቅ አንተ ልታስተምረኝ?»

እግሬን ወደ ላይ አሰሩት። ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ መቱኝ። «አስር ሲሞላ ንገሩኝ» አለ ኃላፊው። አስር ሲሞላ ነገሩት።

«ልክ የለውም አይደል ያልከው?» አለ። ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልቆጠረም።

ወደ መጋዘኑ ጎትተው ሲመልሱኝ የኔታ እግሬን ጭናቸው ላይ አደረጉት። የደረቀውን የጋቢያቸውን ጫፍ ቀደው ጠቀለሉልኝ። ውሃ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ተጎነጩ፤ ቆጥሬ ሳይሆን ማንቁርታቸው ሲወጣና ሲወርድ እያየሁ ነው። «ቅኔህ ቤት አልመታም» አሉኝ፣ «ግን በር ከፍቷል።»

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተከፈተ። «ሽማግሌው፣ ጓዝህን ይዘህ ውጣ» ተባለ። ጓዝ አልነበራቸውም፤ የተቀደደው ጋቢ ብቻ ነው።

«ለምን?» አልኩ ከተኛሁበት።

የኔታ ደፉ ላይ ዞር ብለው ሁላችንንም አዩን፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ። ሁለተኛ አላየኋቸውም።

እኔ የተለቀቅሁት በአንድ ተራ ቀን ነው። «ሂድ» አሉኝ። የውጭው በር ጋ ቆምኩና «ለምን ታሰርኩ?» አልኩ። «ሂድ ተባልክ እኮ» አለ በረኛው። «ለምን ተፈታሁስ?» አልኩት። «ያመዋል እንዴ ይሄን?» አለ ለጓደኛው። እግሬ ለመቆም አይመችም ነበር፤ ቢሆንም ቆምኩ። ገፍተው እስኪያስወጡኝ ድረስ ቆምኩ። መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ። ሄደ እንዲባል ግን አልፈለግሁም፤ ተገፋ ይባል።

አሁን ተመልሼ ቢቸና አስተምራለሁ። ከአስር ነጥብ መስጠቱን ትቼዋለሁ፤ ጥያቄውን ግን አልተውኩም። ደብረ ወርቅ ወዲያ የኔታ ደብር ሄጄ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ጎጇቸውን አላፈረሱም፤ «ይመጣሉ» ይላሉ። እኔም ቢቸናም ሞጣም በየቢሮው እየዞርኩ እጠይቃለሁ። «እዚህ ስማቸው የለም» እባላለሁ። «ለምን የለም?» እላለሁ። አብዛኞቹ ወደ ስልካቸው ያቀረቅራሉ።

በአንደኛው ከተማ አንዲት ሠራተኛ ተነሥታ በሩን መለስ አደረገች። «ወንድሜ» አለችኝ፣ «ስለ ታሰሩት እንዳንናገር ተነግሮናል። የማልነግርህ ለዚህ ነው።» አመሰገንኳት። ያገኘሁት ክልከላ ነው፤ ግን ምክንያት አለው። ክፍል ውስጥ ስለ ዘመናዊ አስተዳደር ሳስተምር በዓይነ ሕሊናዬ የምትመጣው እሷ ናት። ቢቸና ትሁን ሞጣ አልናገርም፤ እንጀራዋ ነው።

እንግዲህ እናንተም ሞክሩት። የትም ከተማ ሁኑ፣ አንድ ቢሮ ገብታችሁ «አይሆንም» ስትባሉ «ለምን?» በሉ። ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ። አትሂዱ፤ ቁሙ። እግራችሁ ደኅና ከሆነ ከእኔ ይልቅ ብዙ መቆም ትችላላችሁ። እዚያው ቆማችሁ ሳለ ደግሞ፣ ቅድም እንደነገርኳችሁ ጋቢያቸው ጫፉ ላይ የተቀደደ አንድ የቅኔ መምህር አይታችሁ እንደሆነ ጠይቁልኝ።